የተጠበቀች እናት

ቀበሌያችን መቶ በመቶ የሞላው መጋቢት 28 ቀን 2081 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ሳይቀር የማውቀው ቀበሌው በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ እስከ ዛሬ ስለሚለፍፈው ነው። «ከወሊድ በኋላ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ እናቶች፦ 100%» ይላል። ከሥሩ ስማችን በአረንጓዴ ይሮጣል። የእኔ፣ የማስተዋል ፍሬው ስም፣ ከሁሉም መጨረሻ ይመጣል። የጎደለችውን አንዷን የሞላሁት እኔ ነኛ።

በዚያ ሰዓት የት እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ሁለተኛ ልጄን በቀዶ ጥገና ከወለድኩ ሁለት ቀኔ ነው፤ በግራ ክንዴ የማላውቀው ሰው ደም ጠብ ጠብ እያለ ይገባልኛል። ክንዴ ላይ የነበረው ያ መርፌ ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ስላበድኩ አይደለም፤ የሚያምነኝ ሰው ስለጠፋ ነው።

ሐኪሙ ከመውጣቴ በፊት አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ በግልጽ ነግሮኛል። ማህፀኔ በአሥራ አራት ወር ውስጥ ሁለቴ ተቀዶ ተሰፍቷል፤ ግድግዳው ሳስቷል። «ሦስት ዓመት ሳይሞላሽ ከፀነስሽ ስፌቱ ይተረተራል» አለኝ። «ያኔ ደም ለመስጠትም አንደርስልሽም።» ክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ እዚያው ሊቀብሩልኝ አስበው ነበር። ደሜ በጣም ስለወረደ ግን «ትንሽ አገግሚ፤ ሰፈርሽ ያለው ጤና ጣቢያ ይቀብርልሻል» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ከሆስፒታል በወጣሁበት ቀን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። «እንኳን ደስ አለዎት! የተጠበቁ እናት ሆነዋል።» ከሞት ስለተረፍኩ የላኩልኝ መስሎኝ «አሜን» ብዬ መለስኩ።

ያለ ቀኔ ሪፖርት ያደረጉኝ እትዬ ሶሊያና ናቸው። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቤታችን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። በሰፈራችን አምስት አምስት እናቶች በአንድ መሪ ሥር ይደራጃሉ፤ የእኛ መሪ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። አይደሉም። ሴት ልጅ ስለወለድኩ ሰማንያ ቀኔ ሞልቶ ልጄ ክርስትና እስክትነሳ ከደጅ እንዳልወጣ የጠበቁኝ፣ ምች እንዳይመታኝ መስኮቱን በነጠላቸው የጋረዱልኝ፣ ልጄን በየቀኑ ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው።

ሩብ ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ከቀበሌው አንድ እናት ብቻ ጎደለች። እትዬ ሶሊያና ስልካቸውን አውጥተው ስሜ አጠገብ ያለችውን ሳጥን ነኩ። «ሰማንያ ቀንሽ ሲያልቅ መቀበልሽ ላይቀር፣ አራስ በፀሐይ ከምትጎተት ብዬ ነው» አሉኝ ኋላ ስጠይቃቸው። በእኛ አገር ሪፖርት እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ተደረገ ይባላል፤ ከዚያ ጊዜ ሲገኝ ይደረጋል። በአያቶቻችን ዘመንም በወረቀት እንዲሁ ይደረግ ነበር አሉ። ወረቀቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይቀር ነበር እንጂ ሰው አይከለክልም ነበር።

መቶ በመቶ በመሙላታችን «ሞዴል ቀበሌ» ተባልን። ለሞዴል ቀበሌ ውሃ በየቀኑ ይለቀቃል። ከዚያ በፊት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር የምናገኘው።

ልጄ ክርስትና በተነሳች በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 18፣ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጣቴን የመመዝገቢያው ማሽን መስታወት ላይ አሳረፍኩ። ማሽኑ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ «የተጠበቀች እናት» አለ። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ኢክራም ነበረች፤ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ትቀድመኝ ነበር።

«የክንዱን ልቀበል ነው የመጣሁት» አልኳት።

«አለሽ እኮ።»

«የለኝም።» እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ክንዴን በሁለት ጣቷ ከብብቴ እስከ ክርኔ ዳሰሰችው። ቀኙንም ዳሰሰች። ከዚያ ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የለሽም።»

«እና ቅበሪልኛ።»

«በምኔ ልቅበርልሽ? አንድ ፍሬ እንኳ መደርደሪያዬ ላይ የለም። በስም ነው የሚላከው፤ በስምሽ ደግሞ ተቀብሯል ይላል።»

«ክኒኑስ? መርፌውስ?»

«ሁሉም በጣት አሻራ ነው የሚሰጠው። ማሽኑ መከላከያ ደርባ ልትወስድ ነው ብሎ ይዘጋብሻል። መድኃኒት ቤትም ብትሄጂ ያው ነው።»

«ኢክራም፣ በእጅሽ ዳስሰሽ የለም ብለሻል።»

«ብያለሁ። የእኔን ጣት የሚጠይቅ የለም» አለችኝ።

ቀበሌ የሄድኩት በዚያው ቀን ነው። የዕቅድና ሪፖርት ኃላፊው አቶ ናትናኤል ጨዋ ሰው ናቸው። ልጄን እንዳቀፍኩ ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነስተው አስቀመጡኝ። ጉዳዩን ስነግራቸው አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጡኝም።

«ስለዚህ ስህተቱ ይታረምልኝ» ብዬ ጨረስኩ።

«ስህተት አትበይው፣ እህቴ። ሪፖርቱ ቀደም አለ እንጂ።»

«እሺ፣ ቀደም ያለው ይመለስልኛ።»

«አንቺን ካወጣንሽ ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ልንሆን ነው።»

«ለነጥብ አራት ብለው ነው?»

«ለሁለት ሺህ ቤተሰብ ውሃ ብዬ ነው» አሉኝ። ደግሞ የምራቸውን ነው። ሰውየው ቢጮኹብኝ እመርጥ ነበር።

ትንሽ አሰቡና መንገድ አገኙልኝ። መንገዱ መተካት ይባላል። አሮጌው በወጣበት ቀን አዲስ የምትቀበል እናት ከመቶው አትቀነስም።

«ያልተቀበረ ምኑ ይወጣል?» አልኳቸው።

«ማሽኑ የሚጠይቀው የቁስሉን ፎቶ ነው። ምን እንደወጣ አይጠይቅም።»

የሰማሁትን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ባዶ ክንዴን ልቀደድ ነው። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ይሄ እሺ ማለቴ እስካሁን ያናድደኛል።

«ዛሬ ግን አይሆንም» አሉ አቶ ናትናኤል። «የዓመቱ ሪፖርት እየተዘጋ ነው። ሐምሌ ደግሞ የዕቅድ ወር ነው። ነሐሴ 21 ሲከፈት የመጀመሪያዋ አንቺ ትሆኛለሽ።»

«ዘጠኝ ሳምንት እኮ ነው። ባሌ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል።»

አቶ ናትናኤል አንገታቸውን ደፉ። «እሱ እንግዲህ የቤት ጉዳይ ነው» አሉ።

ባሌ ያፌት የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነው። የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። እሺ አለና ኮንዶም ሊገዛ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ወዳለው መሸጫ ማሽን ሄደ። ጣቱን ሲያሳርፍ ማሽኑ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ «ባለቤትዎ የተጠበቁ ናቸው። ለማን ነው?» አለው። ሰልፉ ሳቀ። ያፌት ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ማሽኑን ትቶ እኔን ተቆጣኝ።

«አዲሱ መከላከያ እንደ ድሮው በእጅ ሲዳሰስ አይገኝም ይላሉ» አለኝ።

«ነርሷ ዳስሳ የለም ብላለች እኮ።»

«ለእኔም ስልኬ ላይ ተጠብቃለች ብለው ጽፈውልኛል። ማሽኑ ዋሸ፣ ቀበሌው ዋሸ፣ እትዬ ሶሊያናም ዋሹ፣ አንቺ ብቻ እውነት ተናገርሽ?»

«አዎ።»

«እንደሱ ካልሽ ጠልተሽኛል ማለት ነው።»

ያን ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ተኛሁ። በሚቀጥለው መምጣቱም ከልጆቼ ጋር ተኛሁ፤ እሱም ሁለቱን ቀን ሳያናግረኝ ዋለ፣ ቁርሱን ሳይበላ ሄደ። እናቱ ደውለው «ትዳርሽን ጠብቂ» አሉኝ። በሦስተኛው ደከመኝ። አስገደደኝ አልልም፤ አላስገደደኝም። የሐኪሙን ቃል ደግሜ ስነግረው «እሱ እኮ ላልተጠበቁት ነው» አለኝ፣ እኔም መልስ መስጠት ሰለቸኝ። የአሥር ዓመት ባሌ ከእኔ አፍ ይልቅ ሰሌዳ አመነ። በሱ የተቆጣሁትን ያህል በራሴም ተቆጥቻለሁ፤ በራሴ መቆጣቴ ደግሞ ሌላ ቁጣ ያመጣብኛል፤ ምክንያቱም የሠራሁት ጥፋት የለም።

በመሃል ከቡድናችን ሁለቱ ሴቶች ቤቴ መጥተው ነበር። አንደኛዋ መንታ ነው ያላት። «ዳይፐሩንም ልብሱንም የማጥበው በዚህ ውሃ ነው፤ አደራሽን ነገሩን በዝምታ ያዢው» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እኔም ቧንቧውን ስከፍት ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ 21 ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ጤና ጣቢያ ደረስኩ። ሲስተር ኢክራም ግራ ክንዴ ላይ ማደንዘዣ ወጋችኝ።

«ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ።»

አላዞርኩም። ምላጩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፈተኝ። ደሙን በጥጥ ጠረገችና ቁስሉን በመቆንጠጫ ከፈት አድርጋ ውስጡን አየች። ከልማድ የተነሳ ይመስለኛል፣ የምታወጣውን ነገር ፈለገች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ይቅር በይኝ፣ ማስተዋል።»

«ፎቶውን አንሺ» አልኳት።

አነሳች። ማሽኑ ጥቂት አሰበና «ተወግዷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» አለ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ድሮን መጥቶ ግቢው ውስጥ አንዲት ነጭ ሳጥን አስቀመጠ። ሳጥኗ ላይ ስሜ ተጽፏል። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ለምኜ ያጣሁት ነገር የአንድ ጣት ስፋት አላት። ሲስተር ኢክራም ማሸጊያውን ቀደደችው። ወዲያው ማሽኑ «ተተክቷል። የተጠበቀች እናት» አለ፤ መከላከያዋ ገና ነርሷ እጅ ላይ እያለች።

ከመቅበሯ በፊት የሽንት ምርመራ ግዴታ ነው። ውጤቱን መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃን አየችው። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ አሳየችኝ። ሁለት መስመር ነው።

የጮህኩ አይመስለኝም። ኢክራም ግን በሩን ዘጋችው።

ማሽኑ ላይ «እርጉዝ» የሚለውን ነካች። «የተጠበቀች እናት ናት። ምርመራውን ይድገሙ» አለ። ደገመች። ያንኑ አለ። በሦስተኛው ላይ የምርመራ መሣሪያዎቹ ብልሽት እንዳለባቸው ገልጾ ካርቶኑ በሙሉ እንዲመለስ አዘዘ።

«ሆስፒታል ላኪኝ» አልኳት።

«የእርግዝና ቁጥር ሳይኖርሽ ከበሩ አያሳልፉሽም። ለመከታተልም ቁጥር ይፈልጋሉ፣ ለማቋረጥም ቁጥር ይፈልጋሉ። ቁጥሩን የሚሰጠው ደግሞ ይሄ ነው» ብላ ማሽኑን በክርኗ ገፋችው። ክንዴን ሰፋችልኝ። ስፌቱን ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦ «አንድ የድሮ መመሪያ አለ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሆስፒታሉ በእጅ የተጻፈ ማስረጃ ይቀበላል። የቀበሌሽ ነዋሪ የሆኑ ሦስት እማኞች መፈረም አለባቸው። አልተሻረም። አንዷ እኔ ነኝ።»

ከጤና ጣቢያው ደጅ ሆኜ ለያፌት ደወልኩለት። «አርግዣለሁ» አልኩት።

«ማሽኑ ምን አለ?» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት። እንኳንም ባል ለሚስቱ እማኝ መሆን የማይችል ሆነ።

በማግስቱ እትዬ ሶሊያናን ይዤ አቶ ናትናኤል ቢሮ ገባሁ። እትዬ ሶሊያና ሌሊቱን እንቅልፍ አልተኙም፤ ፊታቸው ያስታውቃል። አቶ ናትናኤል እንድቀመጥ ወንበር ሲሰጡኝ እትዬ ሶሊያና ቆመው ቀሩ።

«ስሟ አጠገብ ያለችውን ሳጥን የነካሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። «እኔን ቅጡኝ። ለልጅቷ ቁጥሯን ስጧት።»

«የሚቀጣ የለም፣ እትዬ። እርስዎ ምሳሌያችን ነዎት።»

«ምሳሌነቱ ይቅርብኝ። ልጅቷ ልትሞት ነው እያልኩህ!»

አቶ ናትናኤል ማሽኑን ከፍተው ብዙ ፈለጉ። ክፋት የለባቸውም አልኳችሁ። ላይ ታች አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «የተጠበቀች እናት እርግዝና ለመመዝገብ ቦታ አልተሠራለትም» አሉ በመጨረሻ። «ሕፃኑ ሲወለድ ግን ይመዘገባል።»

«እስኪወለድ ከሞትኩስ?» አልኳቸው።

እሱንም ፈለጉ። አዎ፣ ፈለጉት፤ ዓይኔ እያየ ጻፉና ፈለጉ። ሲያገኙት ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «የእናቶች ሞት ተብሎ የሚያዘው እርግዝናው ተመዝግቦ ከነበረ ብቻ ነው» አሉኝ። ከዚያ፣ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል፣ «ስለዚህ በዚያ በኩል እንኳ አትጨነቂ። ሪፖርቱን አይነካም» አሉ።

ልጄን ከጡቴ ወደ ትከሻዬ አነሳኋት።

በሠላሳ አራት ዓመቴ እንዲያ ተቆጥቼ አላውቅም። የተሰፋው ክንዴ ነደደኝ። ወንበሩን ማንሳት አማረኝ፤ ልጅ አቅፌያለሁ። ስድብ ፈለግሁ፤ ለሳቸው የሚበቃ ስድብ ጠፋኝ። «ወረቀት ስጡኝ» አልኩ።

«ወረቀት?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀበሌ ውስጥ ወረቀት ካየን ስንት ዓመት ሆነን።

እትዬ ሶሊያና ወደ ግድግዳው ሄዱ። «ሞዴል ቀበሌ» የሚል የምስጋና ምስክር ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የቡድን መሪዎች ስም አለ፣ የእሳቸው የመጀመሪያው ነው። አወረዱት። አቶ ናትናኤል «እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?» እያሉ ከኋላቸው ቆመው ሳለ የፍሬሙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱና ወረቀቱን አወጡ። ጀርባው ንጹሕ ነው። ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። «ጻፊ» አሉኝ።

ልጄን ተቀበሉኝ፣ ጻፍኩ። በእጄ ከጻፍኩ ስለቆየ ፊደሎቹ ተንጋደዋል። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ማስተዋል ፍሬው ነሐሴ 22 ቀን 2081 ዓ.ም. በሕይወት እያለሁ ይህን ጻፍኩ። መጋቢት 28 ቀን መከላከያ ተቀብላለች የተባለው ሐሰት ነው። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ምንም ያልወጣበት ነው። ዛሬ የስድስት ሳምንት እርጉዝ ነኝ። ሐኪም እንዳልፀንስ የነገረኝ ማህፀኔ ስለማይችል ነው። ብሞት የገደለኝ ሌላ በሽታ አይደለም። እማኞች፦»

እትዬ ሶሊያና ቆመው ፈረሙ። ሲስተር ኢክራም ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጥታ፣ አቶ ናትናኤል በመስኮት እያዩዋት፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ፈረመች። ሦስተኛውን መስመር ለአቶ ናትናኤል ዘረጋሁላቸው። «እኔ መፈረም አልችልም፣ እህቴ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የሳቸው እንባ ሆስፒታል አያስገባኝም።

ያ ከሆነ ዛሬ ሳምንት ሆነው። በየጠዋቱ ቀበሌው በር ላይ፣ ከሰሌዳው ሥር፣ ወረቀቱን ይዤ እቆማለሁ። እትዬ ሶሊያና ልጆቼን ይይዙልኛል። የሰፈሩ ሰው ያልፋል። የሚያውቁኝ ናቸው፤ ልጄን ሊጠይቁ የመጡ፣ ክርስትናዋ ላይ የበሉ የጠጡ። ቀረብ ይላሉ፣ ያነባሉ፣ አንዳንዱ አንገቱን ይነቀንቃል፣ አንዷ አለቀሰች። ሦስተኛ ሰው ሲፈርም ሆስፒታሉ ይቀበለኛል፤ ሆስፒታሉ ሲቀበለኝ ሰሌዳው ዘጠና ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ይላል፤ ያኔ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ይሆናል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ።

ትናንት የመንታዎቹ እናት መጣች። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች። ከዚያ ቆመች። እስክሪብቶውን መልሳ ሰጠችኝና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ፤ ከዚያ ሄደች።

ጉልበቴን አልነበረም የጠየቅኋት።

ሦስተኛው መስመር ላይ ያለችው ያቺ አንዲት ፊደል ናት። እኔ ሰባተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ፤ እስክሪብቶው ክፍት ነው።